ስለ አጭር የውጭ አገር ጉዞና ስለ ሁለት ጓደኛሞች ማዕድ
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት በሁለት የቢስቲማ ልጆች የቀረበ)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም ሁለት ጓደኛሞች ለጥቂት ቀን ከአገር ወጥተው፤ የሌላውን አገር ምግብና መጠጥ ቀምሰው ለመመለስ ሲያስቡ፤ ጉዞውን እንዴት አድርገው ማሰናዳት እንደሚገባቸው ነው። «ፓስፖርት ማውጣትና ገንዘብ ማጠራቀም ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩን ይዘን ስንመረምረው፤ ከፓስፖርቱም ከገንዘቡም በፊት ሊቆረጥ የሚገባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ አየን። እሱም «አብረን ተቀምጠን ምን እንበላለን?» የሚለው ነው።

እኛ ሁለታችንም የቢስቲማ ልጆች ነን፤ አንዳችን እስላም አንዳችን ክርስቲያን። ያሰብነው ጉዞ ወደ ጅቡቲ ነው። ይህንኑ ለወዳጆቻችን ባወራን ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር መጣልን። አንዱ ወገን «በሰው አገር ማን ያያችኋል? የተገኘውን መብላት ነው» አለን። ሌላው ወገን ደግሞ «ሥጋችሁ ለየብቻ፤ መጠጣችሁ ለየብቻ ከሆነ ለምን ለየብቻችሁ አትሄዱም?» አለን። የዛሬው ንግግራችን ለሁለቱም ወገን መልስ እንዲሆን ነው።

በመጀመሪያ አገራችን ይህን ጉዳይ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው እናስታውስ። ቢስቲማ ከሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ የወረባቦ ወረዳ ከተማ ናት። የሚበዛው ሕዝብ እስላም ነው፤ ክርስቲያኑም ከእርሱ ጋር ተዋልዶና ተጎራብቶ ይኖራል። በሠርግም በለቅሶም አንዱ ከአንዱ አይቀርም። ታዲያ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም ጎረቤቱ በግ ወይም ፍየል ይሰጠዋል፤ ጎረቤቱም በራሱ ሥርዓት ያርዳል፤ ድስቱ ለብቻ፤ ጭልፋው ለብቻ፤ ወጥ ሠሪዎቹም ከእስላሞቹ ወገን ይሆናሉ። እስላሙ ሲድርም እንዲሁ ለክርስቲያን እንግዶቹ ያደርጋል። ጠላና ጠጅ የማይጠጣው ብርዝ ይቀዳለታል። ከዚህ በቀር ዳሱ አንድ ነው፤ ጭፈራው አንድ ነው፤ ምርቃቱም አንድ ነው።

ይህን ልማድ ከውጭ መጥቶ የሚያይ ሰው መለያየት ነው ሊል ይችላል። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነው። ባለ ድግሱ እንግዳው የማይበላውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል፤ ዐውቆም ይሰናዳል። እንግዳው ከማዕድ ቀርቦ «አልበላም» ለማለት እንዲያፍር አይተወውም። የወሎ መስተንግዶ ሥሩ ይኸው አስቀድሞ ማሰብ ነው እንላለን።

በመጻሕፍት በኩል ነገሩ ሰፊ እንደ ሆነ አይጠፋንም። በቅዱስ ቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ ውስጥ የመጽሐፍ ሰዎች ምግብ ለእስላም የተፈቀደ መሆኑ ተጽፏል፤ ሆኖም በአገራችን በሁለቱም ወገን በኩል የጸናው ልማድ አንዱ የሌላውን ዕርድ አለመብላት ነው። ይህንን ለማከራከር አልተነሣንም። አንድ ነገር ብቻ እናንሣ፤ የዚያ ምዕራፍ ስም «አል ማኢዳ» ማለት «ማዕድ» ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም ቃሉ ከግዕዙ «ማእድ» ወደ ዐረብኛ የገባ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። የምንለያይበትን ነገር የሚጠራው ቃል እንኳ የጋራ መሆኑ ደስ አሰኝቶናል።

እንግዲህ «ማን ያያችኋል?» ላለን ወገን የምንመልሰው ይህ ነው፤ የሚያየንማ አብሮን የሄደው ጓደኛችን ነው። ቤት ሳለ ከሥርዓቱ የማይወጣ ሰው ድንበር ሲሻገር ቢለወጥ፤ ጓደኛው በምን ያምነዋል? «ለየብቻችሁ ሂዱ» ላለን ወገን ደግሞ፤ በቢስቲማ ዳስ ውስጥ አብረው መቀመጥ የቻሉ ሰዎች በጅቡቲ ገበታ ላይ የሚያቅታቸው ለምንድን ነው እንላለን። የሚያስፈልገው ባለ ድግሱ የሚያደርገውን መሰናዶ ራሳችን ማድረጋችን ነው።

አሁን ወደ አገር ምርጫው እንለፍ። ስለ ምግብና ስለ ወይን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ኢጣልያና ወደ ፈረንሳይ ይሮጣል። ለተማሪ ግን ቪዛውም ወጪውም የሚደረስበት አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጊዜ አናጠፋም። ከጎረቤት አገሮች አስመራ የኢጣልያኖችን ምግብ ከእኛው እንጀራ ጋር አጎራብታ የምትኖር ከተማ ስለ ሆነች አማራን ነበር። ነገር ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተከፈቱት የድንበር መንገዶች በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራውን አቆመ። ወይን ብቻ ለማየት ከሆነ ከአገር መውጣትም አያስፈልግም፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ወይን ተክሎ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጠርሙሱን ለገበያ ሲያወጣ ቆይቷል።

ጅቡቲን የመረጥንበት አንደኛው ምክንያት መንገዱ የራሳችን መንገድ በመሆኑ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ ቁልቁል ወርዶ ሚሌ የሚደርሰው መንገድ ቀድሞ ወሎን ከአሰብ ወደብ ጋር ያገናኝ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬም የከባድ መኪናው ጎርፍ በሠመራ አድርጎ በጋላፊ በኩል ይሻገራል። ሁለተኛው ምክንያት ገበታው ነው። የአንድን አገር ታሪክ ከሳሕኑ ላይ ማንበብ ይቻላል ቢባል ጅቡቲ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከባሕሩ ማዶ የመጡ የመኖች የዓሣ ምድጃቸውን አመጡ። ሶማሌዎችና ዓፋሮች የወተትና የሥጋ ሰዎች ናቸው፤ ሩዝ ከበግ ሥጋና ከቅመም ጋር የሚበስልበት «ስኩደካሪስ» የሚባለው ምግብ የአገሩ መታወቂያ ነው፤ የእኛን እንጀራ የሚመስል «ለሖህ» የተባለ ቂጣም አላቸው። ፈረንሳዮች ደግሞ እስከ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ገዝተው ሲለቁ ረዥሙን ዳቦአቸውንና ወይናቸውን ትተው ሄዱ። ሽንኩርቱ፤ ቲማቲሙና ፍራፍሬው በብዛት ከእኛ አገር የሚሻገር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ዓሣው ነው። በጅቡቲ ሥጋው በእስላም ሥርዓት የታረደ ስለ ሆነ፤ እዚያ የሚቸገረው ክርስቲያኑ ጓደኛ ይሆናል። ወደ አውሮፓ ብንሄድ ኖሮ የሚቸገረው እስላሙ በሆነ ነበር። ዓሣ ግን ዕርድ የለውም፤ ቢላዋ የያዘው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅበትም። እኛም ለዓሣ እንግዳ አይደለንም፤ በሐይቅ ውኃ ውስጥ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ከተጨመረ ወዲህ የሐይቅን ዓሣ ያልቀመሰ የአካባቢያችን ሰው ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፤ የአገራችን ክርስቲያን ከውኃ ፍጥረት የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው። ከእስላሙም ወገን የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ ከባሕር የሚበላው ዓሣውን ብቻ ነው፤ የሻፊዒ ተከታይ ግን ሰፋ ያደርገዋል። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች አሉ። ስለዚህ «የባሕር ምግብ» ብሎ በጅምላ ማዘዝ አይገባም፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ከተባለ ግን ለሁላችንም ይሆናል። የየመኖቹ ዓሣ አሠራርም ቢሆን ለዚህ የተመቸ ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ፤ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ፤ በቅመም ይለወስና እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ከትልቅና ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል፤ በእጅ እየተቆረሰ ይበላል። ከዚያም ቂጣው ከማር ወይም ከሙዝ ጋር ተፈትፍቶ ሙክባዛ ይሆናል። ከአንድ ሳሕን በአንድ እጅ መብላት እንዲህ ያለውን ገበታ ሲያገኙ ነው።

ስለ ወይኑ በግልጽ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ጓደኝነት የሚበላሸው ባልተነገረው ነገር ነው። ወይን ለክርስቲያን የተከለከለ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ከዘቢብ የተጨመቀው ነው፤ በድግስም ጠጅ ይጠጣል። ለእስላም ግን መጠጣቱ ብቻ ሳይሆን፤ የሚያሰክር መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ መቀመጡም በሐዲስ የተነቀፈ ነው። እንግዲህ ክርስቲያኑ ጓደኛ «አንተ አትጠጣ፤ እኔ ግን ከጎንህ ልጠጣ» ቢል፤ ነገሩን በግማሽ ብቻ ዐወቀው ማለት ነው። እኛ የተስማማንበት ይህ ነው። በጋራ ማዕድ ላይ ወይን አይቀርብም። ክርስቲያኑ ፈረንሳዮች የተዉትን ወይን መቅመስ ሲሻ ሌላ ሰዓት ይመድባል፤ በዚያ ሰዓት እስላሙ ወደ ባሕሩ ዳር ሄዶ ነፋስ ይቀበላል፤ ወይም ሻዩን ይጠጣል።

ይህ ሲባል ሸክሙ በአንድ ወገን ብቻ የወደቀ እንዳይመስላችሁ። ጫት አለ። በጅቡቲ ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ይገባል፤ ከቀትር በኋላም ከተማው ሁሉ ወደ ጫቱ ይዞራል። በእኛም አገር በወዳጃ ላይ ጫትና ቡና ይዞ ዱዓ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ጓደኛ ግን የንስሐ አባቱ ስለማይፈቅዱለት አይቅምም። ስለዚህ ለወይኑ የወጣው ሕግ ለጫቱም ሆኗል፤ ሰዓቱ ለብቻ፤ ክፍያውም ለብቻ።

ክፍያ ካልን አይቀር፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ ጥቂት እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ዛሬ 1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው። ብራችን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ዋጋው እጅግ ወርዷል። ስለዚህ በብር ያጠራቀመ ተማሪ እዚያ ሲደርስ ገንዘቡ በእጁ ላይ እንደሚቀልጥ ማወቅ አለበት። ይህን ዐውቀን ገንዘባችንን በሁለት ኪስ ከፍለነዋል። በጋራው ኪስ ውስጥ የመኪና፤ የማደሪያና የጋራ ማዕድ ገንዘብ ይገባል። ወይንና ጫት ከየግል ኪስ ይወጣሉ። ይህ ለቁጠባ ብቻ አይደለም። እስላሙ ጓደኛ ያላወቀው ገንዘቡ ለመጠጥ ቢከፈል፤ ባይጠጣም ኅሊናው አያርፍም። ሒሳቡን ማታ ማታ መተሳሰብ ነው፤ ዕዳ ካደረ ቅሬታ ይሆናል።

ቀጥሎ ዘመኑን እንምረጥ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር ውስጥ በአንድ ሳምንት ልዩነት ገብተው ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ስለ ምግብ ብሎ መጓዝ ከንቱ ነው፤ በጅቡቲም በረመዳን ቀን ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ ለክርስቲያኑ ይመቹ ነበር፤ ነገር ግን ከግንቦት ጀምሮ የጅቡቲ ሙቀት እጅግ ስለሚበረታ አይቻልም። የቀረልን ነፋሱ የሚቀዘቅዝበትና የገና ጾም ከተፈታ በኋላ የሚገባው የጥር ወር ነው። ይኸውም ለዘለዓለም አይደለም፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ ይደርሳል። ሁለቱን ባሕረ ሐሳብ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የዚህ ዓይነቱ ጉዞ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የጉዞው ዝርዝር እንዲህ ነው። እሑድ ከቢስቲማ ተነሥተን በደሴ አድርገን ኮምቦልቻ እናድራለን። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው፤ ዓፋሩ፤ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ የሚገበያይበትን ይህን ገበያ ሳያዩ ማለፍ ነውር ስለ ሆነ ጥቂት ሰዓት እንቆይና ወደ ሚሌ እንወርዳለን። ማክሰኞ መኪና እየቀየርን በጋላፊ እንሻገራለን። ረቡዕ የክርስቲያኑ ጾም ነው፤ በጾም ዓሣ መብላት አባቶችን የሚያከራክር ስለ ሆነ ወደዚያ ክርክር አንገባም፤ ሁለታችንም ፉል በዘይትና ዳቦ እንበላለን። ሐሙስ የዓሣው ቀን ነው፤ ከሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ለወይኑ ተመድቧል። ዓርብ እስላሙ ጁምዓውን ይሰግዳል፤ ክርስቲያኑ በጾሙ ይውላል፤ ከቀትር በኋላ አብረን ወደቡን እናያለን። ቅዳሜ ወደ አገራችን መንገድ እንጀምራለን። ለመንገድ ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘናል፤ ሁለቱም ለጾምም ለፍስክም ለማንም ይሆናሉ። ለሚያስተናግደን ሰው ስጦታ ቡና ይበቃል። መንገዱን በሚመለከት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በዚህ ዘመን የአገራችን መንገድ ሰላም ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፤ ከመነሣት በፊት ሾፌሮችን መጠየቅና ካልሆነም ማዘግየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በእኛ አገር አንድ ወጣት «ጅቡቲ ልሄድ ነው» ሲል እናቱ የምትሰማው የዓሣ ወሬ አይደለም። የምትሰማው ደላላ፤ በረሓና ጀልባ ነው። ከወሎ የሚነሡ ብዙ ልጆች በዚሁ መንገድ ወርደው ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፤ ከዚያም ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሰደዳሉ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን የጫነ ጀልባ በኦቦክ አቅራቢያ ሰጥሞ ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚህ ለወላጅ «እመለሳለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የምንመለስበትን ቀን፤ የምናድርበትን ቤትና አብሮን የሚሄደውን ልጅ ማንነት ለቤተሰቦቻችን ነግረናል። የእስላሙ እናት የክርስቲያኑን ልጅ ያውቁታል፤ የክርስቲያኑም እናት የእስላሙን ያውቁታል። ሁለቱም የፈቀዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም እናቶች አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄም አንድ ዓይነት ነበር፤ «ምን ልትበሉ ነው?» የሚል።

በመጨረሻም አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፤ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ በረኃብ በረገፈበት ምድር፤ ዛሬም ብዙ ቤት በማይጠግብበት ጊዜ፤ ስለ መብል ብሎ መጓዝ ነውር አይደለምን የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በመሳቅ አናልፈውም። ከሠራንበት ደመወዝ ቆጥበን፤ ከማንም ሳንበደር፤ በልክ ልንሄድ ነው የተስማማነው። ከዚህም በላይ ግን የምንለው አለን። በእኛ በኩል ያለ ወጣት ድንበር የሚሻገረው ሁልጊዜ በግድ ተገፍቶ ነው፤ ወዶ ሄዶ፤ አይቶ፤ በልቶ፤ በቀኑ የተመለሰ ጥቂት ነው። ይህንን ማየት ለአንድ መንደር ልጆች ትንሽ ነገር አይደለም ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቅርበን እንቀመጥ። ማኅበሩ ለጉብኝት ተማሪ ይዞ በሚወጣበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመኪናውን ኪራይ ነው፤ የምግቡ ነገር የሚታሰበው መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ «የማይበሉትና የማይጠጡት ምንድን ነው?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር እንለምናለን። አንድ መስመር ብቻ ነው። በቢስቲማ ማንኛዋም ባለ ድግስ እናት ይህን ሳትጠይቅ እሳት አታነድም።

 ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቀን።